ባለ ሁለት አልጋ

በአገራችን ልማድ ወደ ከተማ የሚነሣ ሰው «የት ታርፋለህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ማን ዘንድ ታርፋለህ?» ነው የሚባለው። ማረፊያ ማለት ሰው ነውና። ሆቴል በእኛ ዘንድ ዘመድ የሌለው፣ ከዘመድ የተቀያየመ፣ አለዚያም ዘመድ እንዳያየው የሚሻ ሰው የሚያድርበት ስፍራ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ደሴ ለሥራ ሄዶ ሆቴል ማደሩን የሰማ የአጎቱ ልጅ ለሁለት ዓመት አላነጋገረውም፤ ያስታረቃቸው ለቅሶ ነበር።

ይህን የምጽፈው እኔም ሮም ውስጥ አክስት እያለችኝ ሆቴል ስለያዝሁበት ጊዜ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከሮም አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ ሥነ ጽሑፍ ትርጉም በሚመክር የሁለት ቀን ጉባኤ ላይ በጥቅምት ወር እንድገኝ የሚጋብዝ ነበር። አዘጋጆቹ የአውሮፕላን ቲኬቱን ይችላሉ፤ ማደሪያው ግን በተጋባዡ ነው። ማደሪያው አላሳሰበኝም። የእናቴ ታናሽ እኅት ሮም ናት፤ እኛ ልጆቹ «እታለም» እንላታለን። በ1982 ዓ.ም. ስትሄድ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በልጅነቴ የለበስሁት ሹራብ፣ የዩኒቨርሲቲ ዘመኔ የኪስ ገንዘብ፣ የአያቴ ተዝካር፣ የእናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና፣ ሁሉም ከሮም የመጣ ነው። በስልክ ስታወራ «ቤቴ» የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋም ነበር። «ቤቴ ብትመጡ»፣ «ከቤቴ በረንዳ ላይ ጥዱ ይታያል»። እኛ የምናውቃት ሮም አንድ ቤት ብቻ ያለባት ከተማ ነበረች።

ለጣልያን ቪዛ የሚያመለክት ሰው የት እንደሚያርፍ በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ወይ የሆቴል ማስያዣ፣ ወይ በዚያ አገር የሚኖር ሰው «እኔ ቤት ያርፋል» ብሎ የሚፈርምለት ወረቀት። ደወልሁላት።

«እታለም፣ ወረቀቱን ፈርመሽ ላኪልኝ፤ አንቺ ጋ ነው የማርፈው።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቆየት ብላ «ሆቴል ይሻልሃል የኔ ጌታ» አለች። «ኤምባሲዎቹም ሆቴሉን ነው የሚያምኑት። ተርሚኒ አጠገብ ያዝ፤ ለሁሉም ቅርብ ነው።» ልንዘጋ ስንል ደግሞ ጨመረችበት፤ «ባለ ሁለት አልጋ አድርገው፣ እሺ? ሰፋ ይልሃል።»

ይህን ስነግራት እናቴ ቡና ትቆላ ነበር። ቀና አላለችም። «የማን ቤት መስሎህ ኖሯል?» አለችኝ። «የምትጦራት አሮጊት ቤት ነው። የሷ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሣጥን ነው።»

ጣልያኖች በዕድሜ የገፋ ሰው እየተንከባከበች እዚያው የምታድር ሠራተኛን «ባዳንቴ» ይሏታል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጣልያን ቤቶች ልጅ አሳድገዋል፣ ወለል ወልውለዋል፣ አረጋዊ ጦረዋል። ይህን በመጻሕፍት አውቀው ነበር። አክስቴ ከእነርሱ አንዷ መሆኗንም አውቅ ነበር። ግን ሥራዋና ቤቷ አንድ መሆናቸውን፣ አሮጊቷ ያረፈች ዕለት ሥራና ቤት በአንድ ቀን እንደሚታጡ አስቤው አላውቅም። ሰላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ቤቴ» ስትል የሰማሁት ጆሮ አንድ ቀን እንኳ «የማን?» አላለም።

ስለዚህ ሆቴል መፈለግ ያዝሁ።

ቅናሽ የሚፈልግ ሰው ዓይን የተለየ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ተደፍቼ የሮምን አልጋዎች ቆጠርሁ። በቀይ የተሰረዘው ትልቁ ዋጋ ማንም ከፍሎት የማያውቅ ሊሆን እንደሚችል፣ «አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በማግስቱም እንደሚያስጠነቅቅ፣ ከጥግ ቆሞ የተነሣ ፎቶግራፍ ጓዳን አዳራሽ እንደሚያስመስል ተማርሁ። «ከተርሚኒ አምስት ደቂቃ» ሻንጣ ለሌለውና ለሚሮጥ ሰው እውነት ነው። በዚያ ሰፈር ሆቴል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሕንፃ ሳይሆን ሰው ከሚኖርበት አሮጌ ሕንፃ አንዱ ፎቅ ነው፤ ስለዚህ አሳንሰር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካለም አንድ ሰውና ግማሽ ሻንጣ እንደሚይዝ መገመት ነው። ሌላም አለ፤ ሮም ለእያንዳንዱ እንግዳ በየሌሊቱ የከተማ ግብር ታስከፍላለች። ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለ 3 ኮከብ ሆቴል ላይ በነፍስ ወከፍ 6 ዩሮ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በቅናሹ ዋጋ ውስጥ አይታይም፤ የሚከፈለው እዚያው ሲደረስ ነው። ክፍሉም ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አይሰጥም፤ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ግን ጎህ ሳይቀድ ነው የሚያርፈው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነበር። ጥሩው ቅናሽ ሁሉ «ገንዘብ አይመለስም» ይላል። መሰረዝ የሚቻለው ይወደዳል። ቪዛ ጠያቂ ደግሞ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አብሮ እንዳይቀርበት የሚሰረዘውን መያዝ አለበት። ርካሹ አልጋ እንደሚሄድ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ነው፤ እርግጠኛነት ደግሞ እንደ ፓስፖርቱ ቀለም ይለያያል።

እናም የሚሰረዘውን ያዝሁ። ባለ ሁለት አልጋ፣ ሌሊቱ በ96 ዩሮ። ማስያዣውን ለእታለም ላክሁላት። «ሁለቱም አልጋ መስኮት አጠገብ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ፎቶግራፉን በደንብ አይታዋለች ማለት ነው።

በዚያው ክረምት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። በእኔ ስልክ ላይ 96 ዩሮ 96 ዩሮ ነው፤ በደመወዜ ሲለካ ግን በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መስከረም ላይ ቪዛው ወጣ። ዋሽንግተን ያለ ጓደኛዬ በካርዱ ሊከፍልልኝና ብሩን እዚህ ለእናቱ ልሰጥ ተስማምተን ነበር፤ ሰው ካርድ ላይ ሲሆን ደግሞ ኀፍረቱም ይጨመራል። አሁን እርግጠኛ ነኝ፤ የእርግጠኞቹ በር ተከፍቶልኛል። በአንድ ሌሊት ባለ ሁለት አልጋውን ሰረዝሁና እዚያው ሆቴል የማይመለሰውን፣ ባለ አንድ አልጋውን፣ በ61 ዩሮ ወሰድሁ። ለሦስት ሌሊት 105 ዩሮ አተረፍሁ። ከ12 ሺህ ብር በላይ ነው። ብቻውን የሚተኛ ሰው ሁለት አልጋ ምን ያደርግለታል?

ለእታለም አልነገርኋትም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ከሆቴሉ ሌላ መልእክት መጣ፤ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሚቀበል መኪና በ65 ዩሮ፣ ሾፌሩ ስምዎን ጽፎ ይጠብቅዎታል ይላል። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው መሐል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ታክሲ ከአውሬልያኖስ ቅጥር ውስጥ ላለ ስፍራ ሁሉ ከተማው የቆረጠለት አንድ ዋጋ አለው፤ ያም ከ50 ዩሮ አያንስም። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር መሐል ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል፤ 14 ዩሮ ነው። አውቶቡሱ ከዚያም ይረክሳል፤ እንደ መንገዱ ሁኔታ ግን አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ያለ ጥርጥር ባቡሩ ይሻላል። ያም ሆኖ እውነቱን ልናገር፤ ስሜ ተጽፎ የሚጠብቀኝን ሰው ፈልጌው ነበር። ቦሌ ላይ ከውጭ የሚመጣን ሰው አበባ ይዞ፣ ሕፃን አዝሎ፣ በሁለት ሚኒባስ ተጭኖ የሚቀበል ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ ማንም ሳይጠብቀው ከበር የሚወጣ ሰው እንደ ተረሳ ዕቃ ይሰማዋል። እታለም ግን የምትወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ይህ በጣልያን የቤት ሠራተኞች የቆየ ልማድ ነው። እኔ ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ እደርሳለሁ፤ «8 ሰዓት ላይ አምስት መቶው ጋ ጠብቀኝ» ብላኛለች።

ፊዩሚቺኖ ስደርስ ከበሩ ማዶ ስም የጻፉ ሰዎች ተሰልፈዋል። የእኔ እንደሌለ እያወቅሁ አንድ በአንድ አነበብኋቸው።

ሻንጣዬን ሆቴሉ ተቀበለኝ፤ ክፍሉ ግን ጊዜው አልደረሰም። ስለዚህ እስከ 8 ሰዓት ድረስ በአደባባዩ ዙሪያ ስዞር ዋልሁ። ተርሚኒ የሚለውን ስም ብዙ ሰው «መጨረሻ» ማለት ይመስለዋል፤ ለባቡር ጣቢያ ይስማማልና። የመጣው ግን ማዶ ፍርስራሹ ከሚታየው ከንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤት ነው፤ በስንክሳር ስሙ በክፉ ከሚነሣው ከዚያው ዲዮቅልጥያኖስ። በጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ደግሞ «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከግብፅ በመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ሐውልት ላይ ተሠርቶ መጀመሪያ በጣቢያው ፊት ቆመ፤ ኋላ ትንሽ ራቅ ወዳለ የአትክልት ስፍራ ተዛወረ። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ለገሃር የተነቀለው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው እዚያ ሐውልት ሥር ነበር፤ በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። አንበሳው ከባቡር ጣቢያ ደጅ ተነሥቶ ባቡር ጣቢያ ደጅ ከርሞ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል አደባባዩ በአጥር ተከፋፍሎ ይቆፈር ነበር። ለ2025 የኢዮቤልዩ ዓመት እየታደሰ ነበር። እታለም ከምድር ባቡሩ ደረጃ ስትወጣ መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ አጥራለች። ነጭ ሻሽ፣ ጥቁር ካፖርት፣ በአንድ እጇ ወፈር ያለ ቦርሳ። አቀፈችኝና ብዙ ጊዜ ሳመችኝ።

«ከየት ተሳፈርሽ?» አልኋት።

«ከሊቢያ።»

ደነገጥሁ። ሳቀች። አሮጊቷ የምትኖርበት ሰፈር «የአፍሪካ ሠፈር» ይባላል፤ ጎዳናዎቹ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ኢትዮጵያ እየተባሉ የተሰየሙ ናቸው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የምድር ባቡር ጣቢያም «ሊቢያ» ይባላል። ስንቱ በረሃ የቀረበትን መንገድ እርሷ በየሐሙሱ በአምስተኛው ፌርማታ ትጨርሰዋለች።

ስለ ዶጋሊ ነገርኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ። «እኛ እዚህ ሣሩ ላይ ነበር የምንቀመጠው» አለች በአጥሩ ቀዳዳ እያሳየችኝ። «ደብዳቤ የምንነባበበው፣ እቁብ የምንጥለው፣ ወረቀት ያላት ለሌላት ሥራ የምታገናኘው፣ ሁሉም እዚህ ነው። ዝናብ ከመጣ ጣቢያው ውስጥ። አሁን ሁሉም ስልክ አላት፣ ማን ይመጣል?» ለእርሷ አምስት መቶው ያ ነው። ተከራክሬ ምን አተርፋለሁ።

«በል ክፍልህን አሳየኝ» አለችኝ።

ጣልያን አገር ሆቴሎች የሚያድረውን ሰው ሁሉ መታወቂያ መዝግበው ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ወጣት ጠየቃት፤ መታወቂያዋን ሰጥታው በዚያ በሚያምር ጣልያንኛዋ አንድ ነገር አለችው፤ ሳቀና አሳለፈን። አሳንሰሩ ለሁለታችን ስላልበቃን እርሷን አስቀድሜ እኔ በደረጃው ወጣሁ።

በሩን ከፈትሁ። አንድ አልጋ፤ ያም ከግድግዳው የተጣበቀ። መስኮቱ ለአየር ማስገቢያ ጉድጓድ የተከፈተ። እታለም ቆማ አየች። ወዲያና ወዲህ የምታይበት ስላልነበረ ቶሎ ጨረሰች።

«ሌላው አልጋስ?»

«ለቪዛው ነበር እንጂ... ዋጋው ተወደደ። ምንዛሪው...»

«ልክ ነህ፤ ብቻህን ነህ» አለች። «ንጹሕ ነው። በጣም ንጹሕ ነው።»

ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ከፈተች። «ዛሬ እኮ አቡነ አረጋዊ ናቸው» እያለች በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አወጣች። ዳቦውን ስትስብ አብሮት አንድ ነገር ተጎተተ፤ የታጠፈ የሌሊት ልብስ፣ በላዩ ነጠላ፣ የጥርስ ብሩሽ በላስቲክ። መልሳ ከተተችው። እኔም እንዳላየ ሆንሁ። ዳቦውን ቆረሰችልኝ።

ዳቦውን በአፌ እንደያዝሁ «መጣሁ» ብዬ ወረድሁ። ወጣቱን ጠየቅሁት፤ ሁለተኛ አልጋ ማስገባት አይቻልም፣ ክፍሉ ለአንድ ሰው የተፈቀደ ነው። ባለ ሁለት አልጋ ለዛሬ ሌሊት አንድ አለ፤ 118 ዩሮ፣ ከከተማ ግብሩ ጋር 130። የከፈልሁበት አይመለስም። ቆምሁ። በልቤ 118ን በምንዛሪው አባዛሁ፤ 15 ሺህ አለፈ። ከኪሴ ካለው ላይ ቀነስሁ፤ እስከ እሑድ የሚቀረኝን ለቀናቱ አካፈልሁ። ብዙ አልቆየሁም፤ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀና ስል እታለም ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ አሳንሰሩ በር ላይ ቆማለች። መታወቂያዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

«2 ሰዓት ላይ መድኃኒት አለባት» አለችኝ። «እስከዚያ ከተማውን ላሳይህ።»

አሳየችኝ። ስለዚያ ምሽት ብዙ አልጽፍም፤ ምንጭና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁሉም ሰው አይቶታል። ዓርብና ቅዳሜ ስለ ትርጉም ስናወራ ዋልን። በትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ቤት» የሚለውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ስላለው ችግር ተናገርሁ፤ ተጨበጨበልኝ።

እሑድ ከተርሚኒ ብዙ የማይርቅ የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰደችኝ። ሦስት ጓደኞቿ ነበሩ። ያን ሌሊት አውሮፓ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ ስለ ነበር ስለዚያ ይቀልዱ ነበር፤ «አንድ ሰዓት ጨመሩልን ይላሉ፤ የሚጨምሩት ሌሊቱ ላይ ነው፤ አሮጊቶቹ ደግሞ አይተኙ» ትላለች አንዷ። እታለም እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ሌላዋ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ሐሙስ እንዴት አደራችሁ? እሷማ ሳምንት ሙሉ ስታወራው ነበር። ምትክ የምታድር ሴትዮ ከኪሷ ከፍላ... ሰማንያ ዩሮ ነው የጠየቀቻት። ‘ከወንድሜ ልጅ ጋር አልጋ ለአልጋ ሆነን ስናወራ ልናድር ነው’ ስትለን።»

የእኅቷ ልጅ ነኝ። ግን ሁልጊዜ «የወንድሜ ልጅ» ነው የምትለኝ፤ እናቴን እንደ ወንድም ነው የምትቆጥራት። አላረምኋትም። «ደኅና አደርን» አልሁ።

ማታ አውሮፕላኔ ስለ ነበር ሻንጣዬን ይዘን ወደ ጣቢያው ሄድን። አውቶቡስ እንደምይዝ ነገርኋት። አልሰማችኝም። ከማሽኑ ፊት ቆማ ጣቶቿ ሳያመነቱ ሲነካኩ አየሁ፤ ሁለት ቲኬት ወጣ፤ ቀጥሎ ሦስተኛ። «የኔ መመለሻ» አለችኝ። 42 ዩሮ። አፌን ልከፍት ስል «ሰው ሳይሸኝ ይሄዳል እንዴ?» አለችና ወደ ሐዲዶቹ ከመግባታችን በፊት ቲኬቶቹን ልታስመታ ሮጠች። ወረቀቱ ሳይመታ የተሳፈረ ሰው ይቀጣል። በ60 ዓመቷ ስትሮጥ ሻሹ ከራሷ ላይ ተንሸራተተ።

ባቡሩ ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ ዓይኗ፤ የድሮው ቤታችን ደጅ ያለው ኮሶ ተቆረጠ ወይ አለችኝ። እመልስላት ጀመር። ኦስቲየንሴን ሳናልፍ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ትራስቴቬሬ ላይ ራሷ ትከሻዬ ላይ አረፈ። መተኛቷ ነው። ሌሊቱን ከአሮጊቷ ጋር ተነሥታ ነበር። አልተንቀሳቀስሁም። ውጭው ጨለማ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሁለታችን ምስል ብቻ ይታያል።

ባቡሩ ቆመ። ሰዎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወረዱ።

«ደረስን እንዴ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ገና ነው» አልኋት።